የሳይበር ጥቃት፣ የኃላፊው ተጠያቂነትና መድን፦ ከወሎ የሚመጡ ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ላይ ከሥራ አስኪያጆች፣ ከቦርድ አባላትና ከቁጠባ ማህበር ሰብሳቢዎች ደጋግመው የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ።

ሰርቆ የሄደው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ሥራ አስኪያጁ ለምን ይጠየቃል?

ሌባው በወንጀል ይጠየቃል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሥራ አስኪያጁ የሚጠየቀው በአደራ የተቀበለውን የሰው ገንዘብና የሰው መረጃ እንዴት ጠበቀው በሚለው ነው። ለወሎ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቅሬ (የዕድር) ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ የቅሬውን ገንዘብና ዕቃ ይይዛሉ። ቤታቸው ተሰብሮ ቢዘረፍ ማንም «እርስዎ ወሰዱት» አይላቸውም። አባላቱ ሲሰበሰቡ ግን «በሩ ቁልፍ ነበረው ወይ? ገንዘቡ ለምን ባንክ አልገባም? በነጋታው ለምን አልነገሩንም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

የሳይበር ተጠያቂነትም በእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው፦ ጥንቃቄ ነበረ ወይ፣ ሊቀነስ የሚችለው ጉዳት ተቀንሷል ወይ፣ ለሚመለከተው በጊዜው ተነግሯል ወይ። ጥቃት መድረሱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። እስካሁን ካየኋቸው ጉዳዮች ኃላፊዎችን ይበልጥ የጎዳቸው ሦስተኛው ነው።

የሳይበር አደጋ የሚባለው ምንድን ነው? እኛ ትንሽ ድርጅት ነን፤ ማን ይፈልገናል?

ብዙ ሰው በሩቅ አገር ጨለማ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰርጎ ገብ ይታየዋል። እኛ ዘንድ የሚመጣው ከዚያ በጣም የቀለለ ነው። አንድ የኮምቦልቻ ዕቃ አስመጪ ያሳየኝን ኢሜይል አልረሳውም። ከውጭ አገር አቅራቢው የመጣ ይመስላል፤ አርማው ያው፣ የላኪው ስም ያው፣ ሰላምታው እንኳ እንደወትሮው። «የባንክ ሂሳባችን ስለተቀየረ የዚህን ወር ክፍያ በአዲሱ ቁጥር ላኩልን» ይላል። አድራሻውን በጣት እየተከተልን ፊደል በፊደል ስናነበው አንዲት ፊደል በቁጥር ተተክታለች። ገንዘቡ ከሄደ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ኮምፒውተሩን የሰበረ ማንም የለም፤ የተሰበረው የአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ጥንቃቄ ነው።

ከዚህ ሌላ ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀው ራንሰምዌር አለ። የደንበኞች ዝርዝር የያዘ ላፕቶፕ በአውቶቡስ ላይ መጥፋቱም አለ። ከሥራ የወጣ ሠራተኛ ባልተዘጋ የይለፍ ቃል ተመልሶ መግባቱ ደግሞ በተለይ ይደጋገማል። አጥቂ የሌለበት አደጋም አይረሳ። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ያወጡበትን ሌሊት ሁላችንም እናስታውሳለን። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያላግባብ መወሰዱን ሲገልጽ፣ መነሻው የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የውስጥ የሲስተም ችግር መሆኑንም ተናግሯል። ይህ ልዩነት ወደ መድን ስንመጣ ትልቅ ትርጉም አለው።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ኮምፒውተሩን የሚያውቅ ባለሙያ ቀጥሬያለሁ፤ ይህ አይበቃም?

ባለሙያ መቅጠር ተገቢ ነው፤ ግን የሚጠይቀው ከሌለ ባለሙያውም ይዘናጋል። ኃላፊ ኮምፒውተር ማወቅ አይጠበቅበትም፤ መጠየቅ ግን ይጠበቅበታል። ገንዘብ ማስተላለፍ የሚችለው ማን ነው? ለብቻው ነው ወይስ ሁለተኛ ሰው ያጸድቃል? የወጡ ሠራተኞች መግቢያ ተዘግቷል? መጠባበቂያ ቅጂው የት ነው፣ መቼስ ተሞከረ?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ደሴ ውስጥ አንድ የቁጠባና ብድር ማህበር ቢሮ ሄጄ «መጠባበቂያችሁን አሳዩኝ» አልኳቸው። ገንዘብ ያዧ መሳቢያዋን ሳበችና በፌስታል የተጠቀለለ፣ በላስቲክ የታሰረ ዲስክ አወጣች። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቀን ሁለት ዓመት አልፎታል። ስንሰካው አቃፊው ተከፈተ፤ የሒሳብ መዝገቡ ግን ባዶ ነበር። ሲጀመርም በትክክል አልተቀዳም። መሳቢያው ደግሞ ኮምፒውተሩ ያለበት ጠረጴዛ መሳቢያ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል ሁለቱም አብረው ይነዳሉ። ሰብሳቢው በየዓመቱ ለጠቅላላ ጉባኤ «መጠባበቂያ አለን» እያሉ ሪፖርት ያቀርቡ ነበር። አልዋሹም፤ አልጠየቁም እንጂ።

ሕጉ እኔን የሚያገኘኝ በየት በኩል ነው?

በሦስት በኩል ነው። አንደኛው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። የአክሲዮን ማህበር ዳይሬክተሮች ሥራቸውን በታማኝነትና በጥንቃቄ የመሥራት ግዴታ አለባቸው፤ ግዴታቸውን ባለመወጣታቸው ማህበሩ ከተጎዳ በግል ንብረታቸው ጭምር ሊጠየቁ ይችላሉ። አዋጁ ሳይበርን ለይቶ ባይጠራም ጥንቃቄ ሲል የዘመኑን ሥጋት ይጨምራል። ገንዘቡ በኮምፒውተር በሚንቀሳቀስበት ጊዜ የካዝናውን ቁልፍ ብቻ ጠብቄአለሁ ማለት አያስኬድም።

ሁለተኛው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። ይህ በዋናነት አጥፊውን ይመለከታል፤ ሆኖም አገልግሎት ሰጪዎች ላይ የመረጃ መያዝና ወንጀልን የማሳወቅ ግዴታዎችን ይጥላል።

ሦስተኛው ብዙ ኃላፊዎች ገና ያላነበቡት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቅጂ ወይም የጤና መዝገብ የሚይዝ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይወድቃል። የግል መረጃ ላይ ጥሰት ሲደርስ፣ ድርጅቱ ማወቁን ተከትሎ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ዓርብ ማታ የታወቀ ችግር ሰኞ ቢሮ እስኪከፈት ከተጠበቀ አብዛኛው ጊዜ አልቋል።

የቦርድ አባል ነኝ፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ነው የምሰበሰበው። እኔንም ይመለከተኛል?

ይመለከትዎታል። የቦርድ አባላት በአንድነትና በተናጠል ይጠየቃሉ ሲባል፣ ዝም ብሎ የተቀመጠው ከተናገረው እኩል ሊከፍል ይችላል ማለት ነው። ከዚህ የሚያወጣው መንገድ ጥፋት የሌለበት መሆንና ያልተስማማበትን ነገር ወዲያውኑ በቃለ ጉባኤ ማስመዝገብ ነው። ከስብሰባ በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጦ «እኔ ተናግሬ ነበር» ማለት ለወዳጅ ይሆናል እንጂ ለዳኛ አይሆንም።

ስለዚህ ቃለ ጉባኤ ስትጽፉ «ስለ ኮምፒውተር ደህንነት ውይይት ተደርጓል» ብላችሁ አትለፉት። ማን ምን እንደጠየቀ፣ ምን መልስ እንደተሰጠ፣ ምን ያህል በጀት እንደተፈቀደ ወይም ለምን እንዳልተፈቀደ ይጻፍ። ገንዘብ አጥቶ በጀት መከልከል በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሥጋቱን መዝኖ የወሰነ ቦርድ ሳያይ ካለፈ ቦርድ ይለያል። ይህን ልዩነት ከዓመታት በኋላ የሚያሳየው ያ አንድ ገጽ ነው።

በእውነት በግሉ የተጠየቀ ኃላፊ አለ? ወይስ ማስፈራሪያ ነው?

አለ። የታክሲ መጥሪያው ኩባንያ የኡበር የደህንነት ኃላፊ የነበረው ጆ ሰሊቫን የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰርጎ ገቦች የ57 ሚሊዮን ተጠቃሚዎችንና አሽከርካሪዎችን መረጃ ሲወስዱ፣ 100,000 ዶላር ተከፍሏቸው ነገሩን እንዳያወሩ ውል ተፈራረሙ፤ ለመንግሥት ግን አልተነገረም። ሰሊቫን እ.ኤ.አ. በ2022 ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2023 የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣትና 50,000 ዶላር ተፈረደበት። ልብ በሉ፦ የተፈረደበት ጥቃቱን ባለመከላከሉ ሳይሆን በመደበቁ ነው።

ሌሎችም አሉ። የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰርጎ ገቦች 81 ሚሊዮን ዶላር ሲያጣ ገዥው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት አንድ የኦስትሪያ የአውሮፕላን ክፍሎች አምራች፣ ከዋና ሥራ አስኪያጁ የተላከ በሚመስል ሐሰተኛ ኢሜይል 50 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተወስዶበት ሥራ አስኪያጁን አሰናበተ። የኢንተርኔት ኩባንያው የያሁ የቀድሞ ዳይሬክተሮችና ኃላፊዎች በደረሰው የደንበኞች መረጃ ስርቆት በባለ አክሲዮኖች ተከሰው ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2019 በ29 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ተዘጋ። ሁሉም ክስ ይሳካል ማለት ግን አይደለም። በሶላርዊንድስ (የሶፍትዌር ኩባንያ) የደህንነት ኃላፊ ላይ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2023 ያቀረበውን ክስ ፍርድ ቤቱ በቀጣዩ ዓመት አብዛኛውን ውድቅ አደረገው፤ የቀረውንም ከሳሹ ራሱ በ2025 ተወው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ሁለት ዓመት ጠበቃና ወጪ በሚጠይቅ ክርክር ውስጥ ቆይቷል። መድን የሚያስፈልገው ጥፋተኛ ለሆነ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የትኛውን መድን ነው የምገዛው?

ሦስቱን አታምታቱ። የሳይበር መድን ድርጅቱን ይሸፍናል፦ ሲስተሙን ለማስመለስ፣ መርማሪ ለመቅጠር፣ ለደንበኞች ለማሳወቅ፣ ሥራ በመቆሙ ለቀረ ገቢ። የዳይሬክተሮችና የሥራ ኃላፊዎች የኃላፊነት መድን ደግሞ በግል ለሚከሰሰው ሰው ነው፤ የጠበቃ ወጪውንና የሚፈረድበትን ካሳ ይከፍላል። የሠራተኛ ታማኝነት መድን የራስ ሠራተኛ የወሰደውን ገንዘብ ይመለከታል፤ ቁጠባ ማህበራት ከሁሉ በፊት ሊኖራቸው የሚገባው ይኸኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ራሱን የቻለ የሳይበር መድን በአገራችን ገና ያልተለመደ ነው። ኩባንያው እንዲህ ያለ አዲስ ሥጋት ሲቀበል ራሱም የጠለፋ ዋስትና (መድን ሰጪው ራሱ ከሌላ መድን ሰጪ የሚገዛው መድን) መፈለጉ ስለማይቀር መልሱ ሊዘገይ ይችላል። ደሴ ያለውን ቅርንጫፍ ጠይቃችሁ «የለንም» ከተባላችሁ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለዋናው መሥሪያ ቤት እንዲላክ አድርጉ። ከቁም ጨዋታ ይልቅ ደብዳቤ መልስ ያመጣል።

የእሳትና የስርቆት መድን አለን። አይሸፍነውም?

በአብዛኛው አይሸፍንም። እነዚህ ውሎች የሚያዩት በእጅ የሚዳሰስ ንብረት ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ይከፈላል፣ በውስጡ የነበረው የአሥር ዓመት መዝገብ ግን ዋጋ አይወጣለትም። ሠራተኛው ተታሎ በገዛ እጁ የላከውን ገንዘብም «በኃይል ሰብሮ በመግባት» የሚለው የስርቆት ትርጉም አይነካውም። የሲስተም ብልሽትና የውጭ ጥቃትም በሳይበር መድን ውስጥ እንኳ በተለያየ አንቀጽ ነው የሚታዩት፤ አንዱ ተሸፍኖ ሌላው ሊቀር ይችላል።

የመድን መጠየቂያ ቅጹን ሠራተኛዬ ሞልቶት ፈረምኩ። ችግር አለው?

ከፍተኛ ችግር ሊኖረው ይችላል። የመድን ውልን አሁንም የሚገዛው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ክፍል፣ መድን ገቢው ስለ ሥጋቱ የሚያውቀውን በትክክል እንዲናገር ያስገድዳል፤ አውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ቅጹ ላይ «ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ) ትጠቀማላችሁ?» ሲል «አዎ» የሚለውን ሳጥን ማመልከት ሁለት ሰከንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ትራቨለርስ የተባለው መድን ሰጪ አንድን የኤሌክትሮኒክስ አምራች የከሰሰው በዚህች ሳጥን ነው። ድርጅቱ «እንጠቀማለን» ብሎ በኃላፊው ፊርማ አረጋገጠ፤ በራንሰምዌር ሲጠቃ ማረጋገጫው የነበረው በአንድ ቦታ ብቻ እንጂ በዋናዎቹ ሰርቨሮች ላይ እንዳልነበረ ታወቀ። በመጨረሻም ውሉ እንዳልነበረ እንዲቆጠር ሁለቱም ተስማሙ። አረቦን (የመድን ክፍያ) ተከፍሎ፣ ጥቃት ደርሶ፣ ካሳ የለም። ስለዚህ ቅጹን ከባለሙያው ጋር ተቀምጣችሁ አንድ በአንድ አንብቡ፤ «በከፊል» ከሆነ «በከፊል» ብላችሁ ጻፉ፣ ቅጂውንም ያዙ።

መድን ከገባሁ ከተጠያቂነት ነፃ ነኝ ማለት ነው?

አይደለም። መድን ገንዘብ ይከፍላል፤ የጥንቃቄ ግዴታዎን አይወስድም። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ድርጊት በመድን አይሸፈንም፤ የወንጀል ቅጣትንም መድን አይከፍልልዎትም። የደንበኛ አመኔታም በካሳ አይመለስም።

ቅሬም ቢሆን እንዲህ ነው። መዋጮ የከፈለ፣ ቀብር የወጣ፣ ሥርዓቱን የጠበቀ ሲቸግረው ቅሬው ይደርስለታል፤ መተዳደሪያ ደንቡን የተላለፈ ግን ስሙ በመዝገብ ስላለ ብቻ ሁሉ ነገር አይደረግለትም። የመድን ውልም ውስጥ «ዋስትናው የሚጸናው እነዚህ ሲሟሉ ነው» የሚል ገጽ አለ። ከሁሉ ገጾች በፊት እሱን ያንብቡ።

ጥቃት ደርሷል ብዬ ከጠረጠርኩ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን ላድርግ?

ገንዘብ ከሄደ ከሁሉ በፊት ባንኩ ነው፤ ደቂቃ ዋጋ አለው። ተላላፊ ነገር ከተጠረጠረ ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ይንቀሉት፤ አያጥፉት፣ ፎርማት አድርገው ውስጡን አይደምስሱት፣ ማስረጃው እዚያ ነውና። ከዚያ መድን ሰጪው፣ ፖሊስና የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ይነገራቸው። የግል መረጃ ከተነካ የ72 ሰዓቱ ቆጠራ ጀምሯል። መድን ሰጪው በስንት ቀን ውስጥ እንዲነገረው ውሉ ይናገራል፤ ይህን ቀን በወረቀት ጽፎ ከቢሮ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አያሳፍርም።

አንድ ደብተር ይክፈቱና ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳደረገ ያስጽፉ። ከወራት በኋላ «ያን ቀን ምን አደረጉ?» ሲባሉ የሚመልስልዎት እሱ ነው።

ቤዛ ልክፈል?

እኔ አይክፈሉ እላለሁ። ከፍሎ ፋይሉ ያልተመለሰለት አለ፤ ከፍሎ ዳግም የተጠየቀም አለ። ክፍያው የሚጠየቀው ደግሞ በክሪፕቶ ከረንሲ (በዲጂታል ገንዘብ) ነው፤ በእኛ አገር ብሔራዊ ባንክ ይህን እንደ ሕጋዊ መገበያያ አይቀበልም። ገንዘቡን ለማግኘት በሚሄዱበት ጓሮ ራስዎ በሌላ ሕግ ይያዛሉ። መድን ቢኖርዎትም ሳያማክሩት የከፈሉትን ላይተካ ይችላል። መልካም መጠባበቂያ ያለው ድርጅት ይህን ጥያቄ ራሱ አይጠይቅም።

ውሉ «ጦርነት አይሸፈንም» ይላል። በኮምፒውተር ጥቃት ላይ ይህ ምን ያደርጋል?

ይህን አንቀጽ ወሎ ውስጥ የሚያነብ ሰው እንደ ሌላው አገር አያነበውም። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ ኮምፒውተሮች ተነቅለው ተወስደዋል፣ መዝገብ በየመንገዱ ተበትኗል፣ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጧል። ብዙ ሰው የመድን ውሉን አውጥቶ ያነበበው ያኔ ነው። ከከተማው ውጭ ቅጂ የነበረው ድርጅት ተበዳሪውንና ቆጣቢውን ለይቶ ሥራ ጀመረ፤ ያልነበረው አባላቱን ደብተራቸውን ይዘው እንዲመጡ እየለመነ መዝገቡን እንደገና ጻፈ። ያን ጊዜ ያሳለፈ ኃላፊ ዛሬም ቅጂውን እዚያው ሕንጻ ውስጥ ካስቀመጠ፣ አላወቅሁም ብሎ ለመከራከር ይቸግረዋል።

በሳይበር በኩል ክርክሩ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት ዓለምን ሲያዳርስ ነው። መርክ የተባለው መድኃኒት አምራች 1.4 ቢሊዮን ዶላር ጉዳት ደረሰብኝ ሲል፣ መድን ሰጪዎቹ «ከጥቃቱ ጀርባ መንግሥት ስላለ ይህ የጦርነት ድርጊት ነው» አሉ። የኒው ጀርሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 የቆየው የጦርነት አንቀጽ እንዲህ ላለው ጥቃት አይሠራም ብሎ ለመርክ ፈረደ፤ በኋላም በስምምነት ተዘጋ። የለንደኑ የመድን ገበያ ሎይድስ ግን ከመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ በመንግሥት የሚደገፉ ጥቃቶችን የሚያገልል ግልጽ አንቀጽ በሳይበር ውሎች እንዲገባ አድርጓል። ስለዚህ ውል ሲፈርሙ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ጥቃቱ የማን እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙስ የማን ነው?

ከሥራ ለቅቄአለሁ። በእኔ ዘመን በሆነ ነገር ዛሬ ብከሰስ መድኑ ይደርስልኛል? የሚከሰኝ የራሴ የቀድሞ ድርጅት ቢሆንስ?

የኃላፊዎች መድን ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው ጥፋቱ የተፈጸመበትን ሳይሆን ክሱ የቀረበበትን ጊዜ ነው። በ2015 የሆነ ነገር በ2018 ቢያስከስስ፣ በሥራ ላይ መሆን ያለበት የ2018ቱ ውል ነው። እርስዎ ወጥተው ድርጅቱ አረቦን መክፈል ካቆመ ሜዳ ላይ ቀሩ ማለት ነው። ስለዚህ ከመልቀቅዎ በፊት ውሉ የቀድሞ ኃላፊዎችን የሚጨምር መሆኑን፣ ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም መድን ሰጪ ቢቀይር ደግሞ ለተወሰኑ ዓመታት የሚቀጥል ሽፋን መገዛቱን በደብዳቤ ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። አንዳንድ ውሎች ድርጅቱ የራሱን ኃላፊ ሲከስ አይከፍሉም፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ኃላፊ ላይ ክስ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚያው ከድርጅቱ ነው፤ አዲስ ቦርድ ተመርጦ የቀድሞውን ይጠይቃል። ይህ ማግለያ ካለ እንዲወጣ ወይም ቢያንስ የጠበቃ ወጪን እንዳይነካ ይደራደሩ። ርክክብ ሲያደርጉም የቃለ ጉባኤዎቹን፣ የመድን ቅጹንና የውሉን ቅጂ በሁለቱ ወገን ፊርማ ተቀብለው ቤትዎ ያስቀምጡ፤ ክስ በመጣ ጊዜ የቢሮው ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ነው።